በጆግና በሳፋ የተወጣሁት ቂም

ከአሊዩ አምባ እስከ አጣዬ ያለው ቆላ በሙሉ ቢታሰስ በቂም የሚስተካከለኝ ሰው አይገኝም። ግመል ቂመኛ ነው ይላሉ፤ ወላሂ የኛ አገር ግመሎች ቂም ሲያልቅባቸው እኔ ቤት መጥተው ነው የሚበደሩት። ሰው ክፉ ከተናገረኝ ቃሉን ብቻ አይደለም የምይዘው፤ የቆመበትን ቦታ፣ ያገለደመውን ሽርጥ፣ ጉንጩ ውስጥ የነበረውን የጫት ቅጠል ሳይቀር እይዛለሁ።

ይህን ሳወራ ባለቤቴ ከጓዳ ሆና ትስቃለች።

«እግርህ ላይ በባጃጅ የሄደብህን ልጅ ወባ ሲይዘው ቤቱ ድረስ ሄዶ ያከመው ማነው?» ትላለች።

«እሱ ሌላ ነው።»

«ፍየላችንን ሰርቆ የበላው ሰውዬስ? ሆዱን ሲያመው መድኃኒት የወሰደለት ማነው?»

«ታዲያ ፍየሏ አንዴ ተበልታለች፤ ሰውየውም ይሙት?»

እንግዲህ ቂሜ እንዲህ ያለ ቂም ነው፤ ሲፎክር ግመል ያህላል፣ ሲፈለግ ጠብታ የለውም። አንዱ ግን አልለቀቀኝም። እሱም በሰፈራችን ባለሱቅ ላይ የያዝኩት ነው።

የባለሱቁ ሱቅ ከዋናው አስፋልት ዳር ነው፤ ወደ ደሴ የሚወጡ ከባድ መኪናዎች ባለፉ ቁጥር መደርደሪያው ላይ ያለው የቲማቲም ድልህ ሁሉ ይንጫጫል። በስተጀርባ ግቢው ውስጥ ማንጎ ዛፍ አለ። ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ እዚያ ጥላ ሥር ተቀምጠን እንቅም ነበር። እኔ አወራለሁ፣ እሱ ይስቃል። ሲስቅ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ፣ ዓይኑ እያነባ፣ «በቃህ፣ ገደልከኝ» እያለ ነው። ቀልደኛ ሰው እንዲህ የሚስቅለት ጓደኛ ሲያገኝ ከሚስቱ እኩል ይወደዋል። በዕድሜ ይበልጠኛል፤ ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ፣ ጋሼ እለዋለሁ። በልቤ ግን አንተ ማለት ከጀመርኩ ቆይቻለሁ፤ እዚህም የምጽፈው ከልቤ ስለሆነ እንደ ልቤ እጠራዋለሁ።

ኮሮና ሲመጣ እኔ ነርስ ነበርኩ፤ አሁንም ነኝ፤ ሰፈሩ ግን ዶክተር ነው የሚለኝ። ከሸዋ ሮቢት ወጣ ብሎ የነበረ አዳራሽ የበሽተኞች ማቆያ ሆነና እዚያ ተመደብኩ። የኛን ሙቀት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ሚያዝያ ላይ ዶሮዎቻችን የተቀቀለ እንቁላል ነው የሚጥሉት። በዚያ ሙቀት ከራስ እስከ እግር ላስቲክ አለበሱን። ስንወጣ ከቦቲ ጫማችን የሚገለበጠው ላብ አንድ ማሳ ሽንኩርት ያጠጣል። ሁላችንም አንድ ስለምንመስል ለመለየት ደረታችን ላይ በማርከር ስማችንን እንጽፍ ነበር። እኔ «ሙሽራው» ብዬ ጻፍኩ። አብራኝ የምትሠራዋ ነርስ አይታ አለፈች። ከጭምብሉ ሥር የሳቀች መስሎኝ ነበር፤ በኋላ ስጠይቃት «የዚያን ጊዜ ሳቅ እንዳለም ትዝ አይለኝም» አለችኝ። ዛሬ ሥራውን ትታ ሻሽና ሒጃብ ትሸጣለች። ጠረኑን አልቻልኩም ነው የምትለው፣ የአልኮሉን።

እኔ ግን ቀለድኩ። ሌላ የማውቀው ነገር የለም። ችግሩ የምቀልደው በሁለት ጭምብል ውስጥ ሆኜ ነው። አልጋው ጋ ሲደርስ ቀልዱ ጉምጉምታ ብቻ ይሆናል። በሽተኛው «ምን አልከኝ?» ይላል፤ እደግመዋለሁ። «እ?» ይላል፤ እደግመዋለሁ። ሦስተኛ የተደገመ ቀልድ ደግሞ ከበሽታው ይብሳል።

ከአሊዩ አምባ በኩል የመጡ አንዲት እናት ነበሩ። ማንበብ ስለማይችሉ ደረቴ ላይ የተጻፈውን አንድ አስታማሚ ነገራቸውና ከዚያ በኋላ ሙሽራ ብለው ብቻ ነው የሚጠሩኝ። ኦክስጅኑን ሳስተካክል እጄን በጓንቱ ላይ ይይዙና አይለቁም።

«አንተ ሙሽራ፣ እስቲ ፊትህን አሳየኝ። ማን እንደሚያስታምመኝ ልወቅ።»

«የሚወጡ ዕለት አሳይዎታለሁ እማማ። አሁን ካዩኝ ደንግጠው ትኩሳቱ ይጨምራል።»

ይቺን ሰሟት። ሳቁ፤ ሳቁ ሳል ሆነ። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ይጠይቁኛል፣ በየቀኑ የሚወጡ ዕለት እላለሁ። የወጡ ዕለት ፊታቸው በከፈን ተሸፍኖ ነበር። የኔም ተሸፍኖ ነበር።

በዚያው ቀን ከሰዓት ላስቲኩን አውልቄ፣ ታጥቤ፣ ሳሙና ልገዛ ወደ ሱቁ ሄድኩ። እንዲያውም ለሳሙና አልነበረም። ማንጎው ሥር ቁጭ ብዬ የእናትየዋን ነገር ለባለሱቁ ልነግረው ነበር። ለሚስቴ መንገር አልፈለግሁም፤ ትፈራለች። እሱ ግን ያዳምጠኛል ብዬ።

«እዚያው ቁም!» አለ ገና ከሩቅ ሲያየኝ። «እዚያው! አትጠጋ!»

ቆምኩ።

«ምንድነው የምትፈልገው?»

«ሳሙና፣ ጋሼ።»

ወደ ግቢው ገባና የማንጎ ማውረጃውን ዘንግ ይዞ ወጣ። የሚያውቀው ያውቃል፤ ጫፉ ላይ ጣሳ የታሰረበት፣ የበሰለው ማንጎ መሬት ወድቆ እንዳይፈርጥ የሚቀበል ረጅም እንጨት ነው። ሳሙናውን ጣሳው ውስጥ አደረገና በባንኮኒው ላይ አሻግሮ እስከ አስፋልቱ ጫፍ ወደኔ ዘረጋው። ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ ያያል። ባጃጆቹ ቆሙ። አንዱ ሹፌር «ዶክተር፣ በስለሃል መሰለኝ፣ ሊያወርዱህ ነው!» ብሎ ሲጮህ ሕዝቡ በሳቅ ወደቀ።

«ካንተ ጋር ጠብ የለኝም፣ ዶክተር» አለ ባለሱቁ። «ቤቴ ልጆች አሉ።»

የኔ ቤትስ ውስጥ ያሉት ምንድን ናቸው፣ ወፎች? ይህ መልስ የመጣልኝ ቤቴ ገብቼ በር ከዘጋሁ በኋላ ነው። ሳሙናውን ከጣሳው አነሳሁ፣ «ጀዛከላህ» ብዬ አመሰገንኩት። ጀዛከላህ! ይህን ቃል እስከ ዛሬ ምላሴ ላይ እንደ ኮሶ ይመረኛል።

ሳሙናው በዚያው ቀን አለቀ። እጄን ስታጠብ፣ ስታጠብ፣ ስታጠብ ዋልኩ። ያን ቀን ለባለቤቴ «የኔን በሰሃን ለብቻ አድርጊልኝ» አልኳት። መመሪያውም እንዲያ ስለነበር አልገረማትም። በኛ ቤት እንደ ማንም ቤት አንድ ትሪ ይቀርባል፤ እሷ፣ እኔ፣ ልጆቹ ዙሪያውን ነው የምንበላው። እኔ ሰሃኔን ይዤ ጓዳ ገባሁ።

መመሪያው ተነሣ። ጭምብሉም ወለቀ፤ ማቆያው ተመልሶ አዳራሽ ሆኖ ስብሰባ ይደረግበት ጀመር። እኔ ግን ከጓዳ አልወጣሁም።

«አሁንማ ሁሉ ነገር አለፈ እኮ» አለችኝ ባለቤቴ። «ልጆቹ አባዬ ለምንድነው የማይበላው ከኛ ጋር ይሉኛል። ምን ልበላቸው?»

«ቂም አለብኝ በያቸው።»

«በነሱ ላይ?»

«በባለሱቁ ላይ። እሱን ሳልበቀል ትሪ አልቀርብም ብዬ ምዬአለሁ።»

ዓይኔን ትኩር ብላ አየችኝ። እንዲህ ያለ መሐላ በኛ አገር አዲስ አይደለም፤ ጠላቱን ሳይመልስ ፀጉሩን የማይቆረጥ ሰው አይተናል። «እንግዲያው ቶሎ ተበቀለውና ና ብላ» አለች። የምትቀልድ መስሎኝ ነበር፤ አልቀለደችም። ያን ቀን ትልቋ ልጄ ሰምታ ስለነበር ከዚያ በኋላ ከሥራ በገባሁ ቁጥር «አባዬ፣ ተበቀልክ?» ብላ ትቀበለኛለች። ሌላው አባት ዳቦ ገዛህ ወይ ይባላል።

ስለዚህ መበቀል ነበረብኝ። መጀመሪያ በሰው ፊት ልሰድበው ወጣሁ። ስድቡን መንገድ ላይ ሳዘጋጅ፣ እንዲህ ያማረ ስድብ ነበር፣ ገጣሚ ያስቀናል። ስደርስ አንድ ኩንታል ስኳር ከመኪና ሊያወርድ ሲታገል አገኘሁት። «ያዝ እስቲ በዚያ በኩል» አለኝ። ያዝኩለት። ወገቤ ለሳምንት ተቆለፈ።

ቀጥሎ ያልጠበቅሁት ነገር መጣ። አጣዬ የተቃጠለች ጊዜ ሰው በአስፋልቱ ላይ እየጎረፈ ወደኛ ሸሸ፤ ሽማግሌው፣ አራሷ፣ ፍራሽ የተሸከመው። ያ ሳሙና በዘንግ የሰጠኝ ሰው መጋዘኑን ከፈተ። ዕቃውን ወደ ውጪ አውጥቶ ጆንያ አነጠፈና ማንነታቸውን ሳይጠይቅ፣ ያለ ጭምብል፣ ያለ ምንም፣ ቤተሰብ በቤተሰብ ላይ ደርቦ አስገባ። የሚያስሉትን ሕፃናት አቅፎ ወደኔ ያመጣቸው እሱ ነው። «ዶክተር፣ ይቺን እያት፣ ሰውነቷ ይፋጃል» እያለ። እኔ ደግሞ ልጅቷን እየመረመርኩ በውስጤ እቃጠላለሁ። ይህ ሰው ደግ መሆን ይችል ኖሯል ማለት ነው! እንግዲያው በኔ ጊዜ አውቆ ነው የከለከለኝ። ክፉ ሰው ቢሆን ይቅር እለው ነበር፤ ክፉን ሰው ማን ከሰው ይቆጥረዋል? ከዚያ ቀን ወዲህ ቂሜ ሁለት እጥፍ ሆነ።

በመጨረሻ በሩን ራሱ ከፈተልኝ። ሴት ልጁን ለካራቆሬ ሰዎች ዳረ፤ ሰፈሩን ሁሉ ጠራ፣ እኔንም ጠራ።

«ትሄዳለህ?» አለች ባለቤቴ።

«እሄዳለሁ። ላስታጥብ ነው የምሄደው።»

እጅ ማስታጠብ በኛ ሰርግ የጎረምሶች ሥራ ነው። ጆግና ሳፋ ይዘው፣ ትከሻ ላይ ፎጣ አድርገው በየረድፉ እየዞሩ ለእንግዳው ውኃ ያፈሳሉ፤ ጣት እርጥብ ካለ በቃ፣ ወደሚቀጥለው። እኔ ያን በሚያህል ዕድሜዬ «ዛሬ እንግዶቹን የማስታጥበው እኔ ነኝ» ስል የባለሱቁ ባለቤት እንባዋ መጣ። «ማሻአላህ፣ እንዴት ያለ ትሕትና ነው!» አለች። ትሕትና!

ዳሱ ሞላ። ሸራው ከላይ እንደ ምጣድ ይግላል። የካራቆሬ አማቾች በክብር ቦታ፣ ከአሊዩ አምባ የወጡ ሽማግሌዎች ከጎናቸው ተቀምጠዋል። የፍየል ሥጋው በሩዝ ላይ ተቆልሎ ትሪው በየአራቱ ሰው መሐል ቀርቧል፤ ያልታጠበ እጅ ግን አይዘረጋም። የሰርጉ ቁልፍ በኔ እጅ ነው።

ከሙሽራው አጎት ጀመርኩ። እጃቸውን ዘረጉ፣ አፈሰስኩ፤ ሊሰበስቡ ሲሉ «ቆይ፣ ጋሼ» አልኩ። «በጣትዎ መሐል።» አሹ። «አውራ ጣት ለብቻው።» አሹ። «የእጅ ጀርባ። ጥፍር፣ መዳፍ ላይ ይፈትጉት። አሁን እስከ ክርን።» እኛ ማቆያው ውስጥ የምንታጠበውን አንዱንም ሳላስቀር፣ ሳሙናውን ሁለቴ እየደገምኩ፣ በእርጋታ። ወደ ሁለተኛው ዞርኩ። እንደገና። ሦስተኛው ጋ ስደርስ ሩዙ ላይ ያለው ቅባት መርጋት ጀምሮ ነበር።

«ለሰርግ ነው የጠራችሁን ለቀዶ ሕክምና?» አሉ አንድ ሽማግሌ።

«ትዕዛዝ ነው» አልኩ።

«የማን ትዕዛዝ?»

ሳሙናውን ለሚቀጥለው ሰው አቀበልኩ። ጥርጣሬው እንደ ጭስ በዳሱ ውስጥ ሄደ። የካራቆሬ ሰዎች እርስ በርሳቸው ማንሾካሾክ ጀመሩ። አንዷ ሴት ትሪውን በክርኗ ገፋ አደረገች። የሙሽራው አጎት ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «ዶክተር፣ አንተ የመንግሥት ሰው ነህ፣ እውነቱን ንገረኝ። እዚህ ቤት የታመመ አለ እንዴ?» አሉኝ።

የለም ማለት ነበረብኝ። አንድ ቃል ናት። እኔ ግን ጆጉን ወደ ላይ አነሳሁና «ብቻ ይታጠቡ፣ ጋሼ» አልኩ።

እንዴት ያለ ጣዕም ነበረው! ማር አይደርስበትም። ሰዉ ከባለሱቁ ትሪ እጁን ሲሰበስብ፣ ዘመዶቹ ምን ሆነ እያሉ ሲሯሯጡ አየሁ። አሁን ቅመሰው አልኩ በልቤ። ቤትህ ልጆች አሉ አይደል? ከቤትህ የሚወጣውን ነገር ሰው ሲፈራው እስቲ ደስ ይበልህ።

ባለሱቁ ከግቢው በኩል ነጭ ጀለቢያውን እየሰበሰበ መጣ። ዳሱን አየ፣ ትሪዎቹን አየ፣ እኔን አየ። አንድም አልጠየቀም። ገባው።

«ጀመዓ!» አለ ጮክ ብሎ። «ቤቴ በሽታ የለም። ይኼ ሰው ቂም ይዞብኝ ነው! በኮሮና ጊዜ ሱቄ ሲመጣ ፈርቼ ሳሙና በማንጎ ማውረጃ ሰጠሁት። ይኼን ሁሉ ዓመት ይዞት ኖሯል!»

ከዚያ ዳሱ በሳቅ ተቀደደ። አማቾቹ ሳቁ፣ ሽማግሌዎቹ ሳቁ፣ ትሪ የገፋችው ሴት ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎሰጎሰች። «በማንጎ ማውረጃ!» ይላል አንዱ፤ «በማንጎ ማውረጃ!» ይላል ሌላው። ዕድሜ ልኬን ሰው ሳስቅ ኖሬ እንዲህ ያለ ሳቅ አላገኘሁም፤ ያገኘሁ ዕለት ደግሞ የሚሳቀው በኔ ነበር። ጆጉን በባለሱቁ ራስ ላይ ብደፋው ደስ ይለኝ ነበር። ባዶ ነበር።

ባለሱቁ ቀረበኝ። ከአፉ ሳቅ ጠፍቷል።

«ስማ» አለኝ ቀስ ብሎ። «ፈራሁ። ዛሬም ቢመጣ እፈራለሁ፣ ዛሬም ያን ዘንግ እፈልጋለሁ። አንተ አልፈራህም ነበር?»

«አልፈራሁም» አልኩ።

«እሺ፣ አልፈራህም። በል ና፣ ብላ።» ክንዴን ያዘኝና ከአማቾቹ ጋር ትሪው ላይ አስቀመጠኝ። ራሱም አጠገቤ ተቀመጠ። ሕዝቡ ያያል፤ ዕርቅ ነው። አራት እጅ ወደ ትሪው ገባ። ያን ሁሉ አስፈትጌ ያጠብኳቸው እጆች፣ እኔው ራሴ ጥፍር በጥፍር ያየኋቸው። ሩዙን ሲጨብጡ፣ ቅባቱ በጣታቸው መሐል ሲወጣ አየሁ። ባለሱቁ ከሥጋው ቆርጦ በሩዝ ጠቅልሎ ወደ አፌ ዘረጋ።

«ጾመኛ ነኝ» አልኩ።

«ቅድም ሻይ ስትጠጣ አላየሁህም?» አሉ የሙሽራው አጎት።

«ከሻይ በኋላ ነው የጀመርኩት።»

ዳሱ እንደገና ሳቀ። ባለሱቁ ግን ጉርሻውን እንደያዘ ቀረ፤ ከዚያ ወደ ትሪው መለሰው። «ገና አልወጣልህም ማለት ነው» አለ። እንዲያ ይምሰለው ብዬ ተውኩት። ያኮረፈ ሰው ክብር አለው። ተነሣሁና ሄድኩ።

ቤቴ በር ላይ ትልቋ ልጄ ቆማለች።

«አባዬ፣ ተበቀልክ?»

«ተበቀልኩ።»

ልጅቷ እየጮኸች ወደ ውስጥ ሮጠች። ባለቤቴ ትሪውን አመጣች። በማሽላ እንጀራ ላይ ወጥ አፈሰሰችበት። ልጆቹ ለኔ ቦታ ለቀው ዙሪያውን ተቀመጡ፤ ትንሹ እንዲያውም የሱን መከዳ ሰጠኝ። ተቀመጥኩ። መሐላዬ ተፈጽሟል፤ ሰበብ የለኝም። ትልቋ ቆረሰችና ጠቀለለች፣ ከወጡ አጠቀሰችና እጇን ወደኔ ዘረጋች። ትንሽ እጅ ናት፣ የታጠበች። እኔ ግን ላቤ መጣ፣ መከዳውን ገፍቼ ተነሣሁ።

ባለሱቁን ዛሬም ይቅር አላልኩትም፤ አልልምም። ነገር ግን ከትሪ ያራቀኝ እሱ አይደለም፣ ቂምም አይደለም። እኔ የሰው እጅ እፈራለሁ። ሥራ ቦታ ጓንት አለ፣ እንደ ምንም ይታለፋል፤ ቤት ውስጥ ግን የገዛ ልጆቼን እጅ እፈራለሁ። እስከ ዛሬ የምበላው ጓዳ ውስጥ ነው፣ ለብቻዬ፣ በሩን ከውስጥ ቀርቅሬ።